የከንቲባው ደጃፍ

አሌክሳንድሪያ፣ ረጀብ 9 ቀን 1346

ለክቡር ተህሲን በይ፣ የቀድሞ ጠበቃ፣ የዛሬ የቡርጅ ሩማን ከተማ ከንቲባ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በእርስዎ ከመናደዴ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

በላኩልኝ ካርድ ላይ ጋዜጣውን አንብቤው እንደሆነ ጠይቀውኛል። አንብቤዋለሁ። ለማንበብ እንኳ አልደከምኩም፤ እዚህ ያለው የአገራችን ሰው ሁሉ ሱቄ ድረስ ይዞት እየመጣ አነበበልኝ። «ከንቲባው ለሕዝብ ጥቅም ሲሉ የገዛ ቤታቸውን ለአዲሱ ጎዳና ሰጡ፤ ካሳም አልቀበልም አሉ» ይላል። አንድ ሽማግሌማ ዓይኑን እየጠረገ «እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን አለ?» አለኝ። ቀይ ቆቡን፣ ጠርቡሹን፣ በናሱ ቅርጽ ላይ እየተኮስኩለት ነበር፤ አቃጠልኩበት።

የገዛ ቤታቸውን! ከዚህ በኋላ «እርስዎ» ማለት አቃተኝ ተህሲን፤ ይቅርታም አልጠይቅህም።

የትኛው ነው የገዛ ቤትህ? ያ ቤት የአባቴ ቤት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቱርኮች ለወታደርነት ሲፈልጉኝ፣ የኮበለለ ሰው ቤቱ ይወረሳል ብለው አዋጅ ሲያስነግሩ፣ «ለይስሙላ በስሜ አዙረው፤ ስትመለስ እመልስልሃለሁ» ያልከኝ አንተ ነህ። ያኔ ገና ጠበቃ ሆነህ ካባህን እየጎተትክ የምትዞርበት ጊዜ ነበር። እኔም ሳላቅማማ በታቡ፣ በመሬት መዝገብ ጽሕፈት ቤት፣ ሸጬልሃለሁ ብዬ ፈረምኩ። በመካከላችን ምን ምስክር ያስፈልገን ነበር? እናትህ ወልዳህ በሳምንቱ ስትሞት፣ የእኔ እናት ከእኔ ጋር እያፈራረቀች ያጠባችህ የጡት ወንድሜ አይደለህም? በማግስቱ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ ወደ አርዋድ ደሴት ተሻገርኩ፣ ከዚያም ወደዚህ። አደራዬም እዚያው ቀረ።

ዛሬ እናቴ ተቀምጣበት ያለውን ቤት ለፈረንሳዩ ሹም መኪና ማለፊያ ትሰጣለህ። ሰጪው አንተ፣ ተመስጋኙም አንተ! በሰው ወርቅ አይደምቁ ሲባል አልሰማህም? እኔ ጠርቡሽ ሻጭ ነኝ፤ የሰው ጭንቅላት ስለካ ነው የምውለው። የአንተ ጭንቅላት ከንቲባ ከሆንክ ወዲህ ምን ያህል እንዳበጠ ሳላየው እነግርሃለሁ።

ጎዳናህን አጣመው። እናቴን ከቤቷ እንዳትነካ።

ጀውደት

*

ቡርጅ ሩማን፣ ሸዕባን 1 ቀን 1346

ለወንድሜ ለጀውደት፤

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ከላይ «እርስዎ» ብለህ ከታች «አንተ» ብለኸኛል፤ አንዱን ምረጥ። ፍርድ ቤት ቢሆን ሳይነበብ ይመለስልህ ነበር።

ቤቱ የማን ነው ብለህ ጠይቀሃል። መልሱ አጭር ነው፤ የእኔ ነው። አንተ ሸጠሃል፣ እኔ ገዝቻለሁ፣ መዝገቡም እንዲሁ ይላል። በጥብቅና ዘመኔ ሁሉ ስንት ባላገር እግሬ ላይ ወድቆ «መሬቱ እኮ የኔ ነው፣ ግብር ሸሽቼ ነው በጌታው ስም ያስጻፍኩት» ሲለኝ ኖሯል። ለሁሉም የምነግራቸው አንድ ነገር ነበር፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ወረቀቱን ግን ይዣለሁ።

ለፈረንሳይ መኪና ነው ያልከው ውሸት ነው። የሠፈራችንን ጠማማ መንገድ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። አስከሬን ሲወጣ ቃሬዛው የናንተ ቤት ማዕዘን ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ተሸካሚዎቹ ሬሳውን አዘንብለው ነው የሚያልፉት። እናቴ ደም ሲፈሳት ሐኪሙ ጋሪውን ከማዕዘኑ ወዲያ አቁሞ በእግሩ ሲመጣ ደረሰባት። ደረሰባት ያልኩህ ስትሞት ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ያንን ማዕዘን ስጠላው ኖሬያለሁ። ከንቲባ የሆንኩት ለምን ይመስልሃል? ለቆቡ ነው?

ለእናትህ ከዘይት መጭመቂያው አጠገብ ጉድጓድ ያለው ጥሩ ቤት አዘጋጅቼላታለሁ። እስካሁን መልስ አልሰጠችኝም። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ባቄላ ትፈለፍላለች፤ ስናገራት «እሺ ልጄ» ትላለች፣ መፈልፈሏን አትተውም።

ስለ አደራ ያነሳኸውን ደግሞ ተወው። በረሃቡ ዘመን፣ ሰው መንገድ ላይ እየወደቀ ሲቀር፣ ለእናትህ ዳቦ በካባዬ ሥር ደብቄ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አሌክሳንድሪያ የሁለት ቀን የመርከብ መንገድ ናት። ጦርነቱ አለቀ፣ ቱርክም ሄዶ ፈረንሳይ ተተካ፣ የሚያስርህ ማንም የለም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ያዘህ?

ተህሲን

*

አሌክሳንድሪያ፣ ሸዕባን 8 ቀን 1346

ተህሲን፤

መረጥኩ። «አንተ» ነው።

ምን ያዘህ ብለህ ለጠየቅኸኝ፤ ንግድ ነው የያዘኝ። ሱቅ ዘግቶ መሄድ ምን እንደሆነ በማዘጋጃ ቤት ደመወዝ የሚኖር ሰው አይገባውም። እናቴን ግን አልረሳኋትም፤ በየወሩ ጽፌላታለሁ፣ ኢማሙ እያነበበላት እንደሆነም አውቃለሁ።

ዳቦውን ደግሞ ቆጠርክብኝ። ለእናቱ የወሰደውን ዳቦ የሚቆጥር ልጅ አንተን አየሁ። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮሃል!

አሁን ስማኝ። ከታራብሉስ ጠበቃ ይዣለሁ። ቤቱ በአደራ እንደተሰጠህ ፍርድ ቤት ቀርቦ ይከራከርሃል። ምስክሬም እናቴ ናት፤ ስንነጋገር ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ሰምታናለች። የጠበቆች ሁሉ ጌታ ነኝ ስትል የኖርከውን ሰውዬ ባቄላ የምትፈለፍል አሮጊት ትረታሃለች።

ፍርዱን ሳትጠብቅ ብታፈርሰው ደግሞ ይህን እወቅ። ያ ቤት ከፈረሰ በኋላ የአንተን ቤት ደፍ የተሻገርኩ እንደሆነ ሚስቴ በሂጃ መመለሻ በሌለው በሦስት ፍች ከእኔ የተፈታች ትሁን! ይህን የተናገርኩት ሱቄ ውስጥ ነው። የሰሙኝ ሁለት ገበያተኞችና የበሂጃ ወንድም ናቸው። የበሂጃ ወንድም ክፉኛ ደነገጠ፤ እኔ ግን ከልቤ ነው።

ጀውደት

*

ቡርጅ ሩማን፣ ረመዳን 3 ቀን 1346

ለጀውደት፤

ረመዳን ከሪም። ጾሙን አላህ ይቀበልህ፣ ቁጣህንም ያብርድልህ።

ጠበቃህ የነገረህ እውነት ነው ወይ ብለህ በቴሌግራም ጠይቀኸኛል። እውነት ነው። ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ኋላ ጨመርክ ቀነስክ እንዳትለኝ።

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ዳኛው እናትህን «ኡም ጀውደት፣ ይህ ቤት የማን ነው?» አላት።

«የተህሲን ነው» አለች።

ጠበቃህ ከመቀመጫው ተነሣ። «እናቴ፣ አልገባሽ ይሆናል። ልጅሽ ጀውደት በአደራ የሰጠው አይደለም?»

«ጆሮዬ ደህና ነው የኔ ልጅ። የተህሲን ነው አልኩህ። ሁለቱም ከጡቴ ጠብተዋል፣ የትኛው ምን እንዳለው የማውቅ እኔ ነኝ። አሁን ልቀመጥ፣ ጉልበቴን አሞኛል።»

ጀውደት፣ አልዋሽህም፣ እንባዬ መጣ። በሕዝቡ ፊት ወርጄ እጇን ሳምኳት። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ቤቴ ቤትሽ ነው» አልኳት። አዳራሹ በሙሉ አላሁ አክበር አለ። ጋዜጠኛውም ነበር።

ቤቱ ባለፈው ሰኞ ፈርሷል። መንገዱ አሁን ከባሕሩ እስከ መስጊዱ ድረስ ያለ እንቅፋት ይታያል። እናትህ የት እንዳለች ለጠየቅኸኝ፣ ለጊዜው እኔ ዘንድ ናት። ደህና ናት። ሌላ የምጽፍልህ ነገር የለም።

ተህሲን

*

አሌክሳንድሪያ፣ ረመዳን 11 ቀን 1346

ተህሲን፤

ሌላ የምጽፍልህ የለም ብለህ ነበር። ቀጥሎ ሁለት ቴሌግራም ደረሰኝ። «እናትህ ወደተዘጋጀላት ቤት እንድትሄድ ጻፍላት» ይላል አንዱ። «ቶሎ ጻፍላት» ይላል ሁለተኛው። ምነው? «ቤቴ ቤትሽ ነው» ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልንገርህ፣ ደስ ይበልህ። ያ የችሎት ወሬ ሲደርሰኝ ሱቄን ዘግቼ ባሕር ዳር ዋልኩ። የገዛ እናቴ! በአደባባይ! በሂጃ እንዳላለቅስ ብላ ስታባብለኝ እሷ አለቀሰች። አንተን ሺህ ጊዜ ብረግምህ አይወጣልኝም ነበር።

ከዚያ ግን ከእናንተ ወደብ የመጣ መርከብ ላይ የሚሠራ ወጥ ሠሪ ሱቄ ገባ። የከተማችሁን ወሬ ስጠይቀው ሳቁ ቀደመው። በከንቲባው ሰገነት ላይ፣ ባንዲራው አጠገብ፣ የአሮጊት ቀሚስና ሱሪ ተሰጥቶ ይውላል አለኝ። አሮጊቷ አልጋዋንና ሁለት ዶሮዎቿን አስጭና የገባች ቀን ከንቲባው ደጅ ላይ ቆሞ «እንኳን ደህና መጣሽ» ሲል ፊቱ ኖራ መስሎ ነበር አሉ። ከእንግዳ መቀበያው ቀጥሎ ያለውን ትልቁን ክፍል ያዘች አሉ። እውነት ነው?

እውነት ከሆነ አልጽፍላትም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። አንተ ቤት ስትጎረጉር እናት አወጣህ። እንግዲህ ተሸከማት።

ጀውደት

*

ቡርጅ ሩማን፣ ረመዳን 17 ቀን 1346

ጀውደት፤

ሳቅ። ስትጨርስ ደግሞ ይህን አንብብ፤ ከሳቅህ የሚተርፍ ነገር አለበት።

ዶሮዎቹ ሁለት አይደሉም፤ አውራ ዶሮም አለ። ሚስቴ ነጅላ ሀኒም ወጥ ቤቷን ከተነጠቀች ወዲህ ታራብሉስ አባቷ ቤት ሄዳለች። እኔን ከቢሮ ስመለስ «እግርህን ጥረግ» የምትለኝ እናትህ ናት።

ባለፈው ሐሙስ የከተማውን ታላላቆች ኢፍጣር ጠርቼ ነበር። ሙፍቲውም፣ ዳኛውም፣ ነጋዴዎቹም ነበሩ። ምስር ሾርባው እንደቀረበ ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅዋ መጣ። «ብሉ እንጂ ልጆቼ፣ አትፈሩ። ተህሲን ቸር ነው። ሰጥቶ አይጠግብም፤ የራሱ ሲያልቅበት የሰው ቤት ይሰጣል።» ዳኛው ተምር በጉሮሮው ተሰነቀረበት። ሙፍቲው ጢማቸውን ይዘው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ላስወጣት አልችልም። በሕዝብ ፊት እናቴ ናት ብዬ እጇን ስሜ፣ በረመዳን እናቱን ጣለ ከተባልኩ ነገውኑ ከንቲባነቴ አበቃ። ዒድ ባለፈ በሳምንቱ ደግሞ የፈረንሳዩ ሹም ጎዳናውን ሊመርቅ ይመጣል፤ ራቱም በእኔ ቤት ነው። እሷ ይህን ሰምታለች። «እኔው እቀበለዋለሁ። ያ ቀጥ ያለው መንገድ በማን ምድጃ ላይ እንደሚያልፍ ላሳየው» ትላለች። አስተርጓሚም አግኝታለች፤ የፈረንሳይ መነኮሳቱን ልብስ የምታጥብ ሴት ናት።

ለምን ለኔ እንደ መሰከረች ሳይከነክንህ አልቀረም። እኔም አልገባኝም ነበርና ትናንት ጠየቅኋት። ያለችውን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ፤ እኔን የምታምነኝ ባትሆንም አነጋገሯን ታውቀዋለህ።

«ከአሌክሳንድሪያ በየወሩ ደብዳቤ ይመጣል። ኢማሙ ያነብልኛል። ጣሪያው አፈሰሰ ወይ? በለሱ አፈራ ወይ? የበሩ መዝጊያ ተሠራ ወይ? አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ቤቱ ነው። አንድ ቀን ኢማሙን፣ ከታች ይኖር ይሆናል፣ ስለ ጉልበቴ የጠየቀበት አለ ወይ ብዬ ደግሞ አስነበብኩት። የለም አለኝ። ስለዚህ ቤቱ ይፍረስ አልኩ። ቤቱ ከሌለ እንግዲህ ስለ ማን ይጽፍ ይሆን፣ ልየው ብዬ ነው።»

ከዚህ ቤት የምትወጣበትን መንገድም ነግራኛለች። ጀውደት ራሱ መጥቶ፣ እዚህ የተቀመጥኩበት ድረስ ገብቶ፣ እጄን ይዞ ካላስነሣኝ በቀር እግሬን አላነሣም ብላለች።

እንግዲህ ሳቅህን ቀጥል።

ተህሲን

*

አሌክሳንድሪያ፣ ረመዳን 21 ቀን 1346

ተህሲን፤

ደብዳቤህን ሦስቴ አነበብኩት። አንተ የፈጠርከው ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ። አነጋገሯ ነው።

ጉልበቷን ምን ሆነች? ከመቼ ጀምሮ ነው? ሐኪም አይቷታል? ደረጃ መውጣት ትችላለች? ይህን ካንተ መጠየቄ ራሱ ያንገበግበኛል፤ ሌላ የምጠይቀው ግን የለኝም።

እመጣለሁ። ሱቁን ለበሂጃ ወንድም ሰጥቼ ከዒድ በፊት ባለው መርከብ እመጣለሁ። ግን ቤትህ መግባት አልችልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መሐላዬን ታውቀዋለህ። የበሂጃ ወንድም የምሄድበትን ምክንያት ከሰማ ጀምሮ ጧት ጧት ሱቁ በር ላይ ቆሞ «እህቴን ፈትተሃታል ወይስ ገና ነህ?» ይለኛል። በሂጃም አታናግረኝም። «በአንድ ጠማማ ጠበቃ ቤት ደፍ ላይ አራት ልጅ የወለድኩበትን ትዳር አስቀመጥከው?» ብላኛለች፤ እውነቷን ነው።

ስለዚህ እናቴን ወደብ ድረስ አምጣት። በጋሪም በቃሬዛም አምጣት። እግሯ ላይ የምወድቀው እዚያ ነው። አንተ ግን ባትመጣ ይሻልሃል፤ ባሕሩ ቅርብ ነው፣ እጄም አያርፍም።

ጀውደት

*

ቡርጅ ሩማን፣ ረመዳን 25 ቀን 1346

ጀውደት፤

ወደብ አልሄድም አለች። «ልጄ ነው ወይስ ጆንያ፣ ከወደብ የምረከበው?» አለች። ጉልበቷ ቀኙ ነው፤ ከረሃቡ ክረምት ጀምሮ ነው፤ ሐኪሙ ዘይት አዟል፤ ደረጃ መውጣት ትችላለች፣ ስትወርድ ግን ትቸገራለች። ስትጠይቅ በማየቴ ገርሞኛል።

አሁን የጠበቃ ሥራ ልሥራልህ፤ ሳታመሰግነኝ እንደምትቀር አውቃለሁ።

ያልከው «የአንተን ቤት ደፍ» ነው። ቤቱ የእኔ ካልሆነ መሐላው አይነካህም። ሙፍቲው ዘንድ ሄጄ ጠየቅሁ። ጉዳዩን ሲሰሙ አሁንም ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ግን ልክ ነህ አሉኝ። አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። ዝውውሩ ለይስሙላ ከሆነ፣ በስውር የመመለሻ ወረቀት ከተጻፈበት፣ ቤቱ ያው የተህሲን ነውና በሂጃ ተፈታች። ስለዚህ የእውነት መሆን አለበት።

ትናንት ቤቴን በታቡ ጽሕፈት ቤት ለእናትህ አዛውሬያለሁ። የመመለሻ ወረቀት የለም፤ በቃሏ ብቻ ነው። «እማዬ፣ ጀውደት ገብቶ ይዞሽ እስኪወጣ ነው፤ ከዚያ ትመልሽልኛለሽ፣ አደራሽን» አልኳት። እንዲህ ስል ደስ አላለኝም፤ ይህን ቃል ሌላ ሰው ሲለው የሰማሁ መሰለኝ። እሷ ግን ጉንጬን ደባብሳ «አደራ እንዴት እንደሚያዝ አውቃለሁ ልጄ» አለችኝ። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ፈረመች።

ለበሂጃ ወንድም የሙፍቲውን የጽሑፍ ብይን፣ ፈትዋውን፣ ከዚህ ጋር ልኬለታለሁ። ና፣ ግባ፣ ውሰዳት። ሹሙ ሳይመጣ።

ተህሲን

*

ቤሩት፣ ዙልቀዕዳ 6 ቀን 1346

ለጀውደት፣ በቡርጅ ሩማን፣ በእኔ ቤት፤

ለምን ወደ ቤሩት ሄድክ ብለህ በሰው ጠይቀኸኛል። ለኤሌክትሪክ ምሰሶ ጉዳይ ነው። ሌላ ምክንያት የለም። ሆቴሉ ደህና ነው።

አንተ ገብተሃል። እጇን ይዘሃል። ሁለታችሁም እስክትታክቱ አልቅሳችኋል፤ ደረጃው ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። እሷ ግን አልተነሣችም። «ልጄ መጣ እኮ፣ አሁን ወዴት ልሂድ?» አለች። ይህ ውላችን አልነበረም።

ሹሙ በመጣ ቀን ሰገነቱ ላይ ልብስ አልነበረም፤ አመሰግናታለሁ። ስለ ምድጃዋም አንዲት ቃል አላነሣችም። ግን ሹሙ «ቤትዎ ያማረ ነው» ሲለኝ አስተርጓሚዋ ከኋላ «የእሳቸው አይደለም፣ የእናታቸው ነው» አለችው። ሹሙም ተነሥቶ የእናትህን እጅ ጨበጠ።

አሁን ጥያቄዬን በግልጽ አቀርባለሁ። ቤቱ መቼ ይመለስልኛል? ሰነዱ የት ተቀምጧል? ታቡ ጽሕፈት ቤት የምትሄዱት በዚህ ሳምንት ነው ወይስ በሚቀጥለው? የቢሮዬ መጻሕፍት ከእርጥበቱ ተነሥተዋል? ሰሜን በኩል ያለው ጣሪያ ዝናብ ሲመጣ ያፈሳልና ሰው ይውጣበት። ዶሮዎቹ ሳሎን እንዳይገቡ።

እከሳለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ምን ብዬ? «ለይስሙላ ነው ያዛወርኩት» ብል በሂጃ ተፈታች፣ ሙፍቲውም ጠላቴ ሆኑ። «በአደራ ነበር» ብል ደግሞ በአደራ ስለ ተሰጠ ቤት ከዚህ በፊት ችሎት ላይ የተከራከርኩትን ዳኛው አልረሳውም።

መልስ እጠብቃለሁ።

ተህሲን

*

ቡርጅ ሩማን፣ ዙልቀዕዳ 13 ቀን 1346

ለክቡር ተህሲን በይ፣ በቤሩት፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከእርስዎ ናፍቆት ጋር ደህና ነን፤ ናፍቆቱ የእናቴ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።

ጋዜጣውን አንብበውት እንደሆነ ልጠይቅ ነበር። ባያገኙት ብዬ ቆርጬ ልኬዋለሁ። «ከንቲባው መኖሪያ ቤታቸውንም ለአሳዳጊ እናታቸው በስጦታ ሰጡ» ይላል። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ ምስጋናውን በእኔ በኩል ይልክልሃል። ይኸው፣ አሁንም «አንተ» አልኩህ።

እኔ አልታረቅኩህም ተህሲን። በየቀኑ በአባቴ ምድጃ ላይ ነው የምራመደው። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ትናንት አንድ አስከሬን ቀጥ ብሎ ሲያልፍ አይቼ ስለ እናትህ አሰብኩ፤ እሱን አልክድህም። ሆኖም ብታገኘኝ እጄን እንዳትዘረጋልኝ።

በሂጃና ልጆቹ በሚቀጥለው መርከብ ይመጣሉ። ወንድሟ ፈትዋውን ለሦስት ሼኽ አስነብቦ አመነ።

እናቴ ለአንተም ክፍል አዘጋጅታልሃለች፤ ወደ ጎዳናው የሚያየውን። አልጋህን ራሷ አነጠፈች፣ ቀኝ ጉልበቷን ይዛ። «ሆቴል ምን ብሎ ያበላዋል?» ትላለች። ወረቀቱን መልሺለት አላልኳትም፤ ብላትም አትሰማኝም። አንድ ቀን ብቻ «እማዬ፣ አደራ አይደለም ወይ?» ብዬ ሞከርኳት። «ተህሲን ራሱ ሲያስተምር የኖረው ነው፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለችኝ። «እኔ ወረቀት የያዝኩ ሞኝ ነኝ።»

ደብዳቤህ እንደደረሰ ከሥሯ ተቀምጬ አነበብኩላት። ስለ ሰነዱ አነበብኩላት፣ ስለ ታቡ፣ ስለ መጻሕፍቱ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ዶሮዎቹ። ባቄላዋን እየፈለፈለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ እጇን አቆመችና፣

«ስለ ጉልበቴ ጠየቀ?» አለች።

ወረቀቱን ገልብጬ ጀርባውንም አየሁላት።

«አልጠየቀም» አልኳት።

«እንግዲያው ገና ነው» ብላ ወደ ባቄላዋ ተመለሰች።

እኔ እስክጠይቅ አሥራ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንተ ከእኔ ብልጥ ነህ፤ ያን ያህል አትቆይም።

ጀውደት